«ተማሪዎቼ ሲያስቁኝ እንኳ እደነግጣለሁ»

ሰላም ላንቺ ይሁን። በድሬ ልማድ «አንቺ» ልበልሽና ልጀምር።

የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ሳቢያን ሰፈር ነው፤ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አምስት ወር ሆነኝ። ምጡ ረጅም ነበር። መጨረሻ ላይ ልጅቷን በመሳሪያ ስበው ነው ያወጧት፤ እኔም ተሰፋሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ጤነኛ ናት፤ ድብልብል ያለች ናት።

ችግሬ ሌላ ነው። ሲያስለኝ፣ ሲያስነጥሰኝ፣ ስስቅ ሽንቴ ጠብ ይላል። ባጃጅ ጉድጓድ ሲዘል እንኳ ያመልጠኛል። ውሃ የመጣ ቀን ጀሪካን ካነሳሁማ አለቀልኝ። አራስ ቤት እያለሁ «ያልፋል» ብዬ ዝም አልኩ። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ስገባ ግን ባሰብኝ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ወደ ታች የሚጎትት ክብደት ይሰማኛል፤ የሆነ ነገር ሊወርድ የሚል ይመስለኛል። ጠዋት ስነሳ የለም።

አሁን ጥቁር ቀሚስ ብቻ ነው የምለብሰው። ከቤት ከወጣሁ እስክመለስ ውሃ አልጠጣም፤ በዚህ ሙቀት! ባለፈው ሳምንት አንዱን ተማሪ «ሰሌዳው ላይ አሞራ ብለህ ጻፍ» ብለው አሞራውን ከነክንፉ ሥሎት መጣ። ክፍሉ በሳቅ ሲሞት እኔ እግሬን አጣምሬ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

የባሌ እህት «ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ የእናትነት ነው፣ ትለምጅዋለሽ» አለችኝ። አማቴ ደግሞ «መቀነትሽን አጥብቂ ስልሽ እምቢ ብለሽ ነው፤ አሁንም ወይባ ሙቂ» ትለኛለች። ከባለቤቴ ጋር አንድ ጊዜ ሞክረን አመመኝ። እዚያው እንዳያመልጠኝም ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ሲቀርበኝ የተኛሁ እመስላለሁ፤ ወይ ልጅቷን አንስቼ አጠባለሁ። በቀደም «ጠላሽኝ እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሶላትም ተውኩ። ውዱእ አድርጌ ቆሜ ጎንበስ ስል ጠብ ይላል፤ እንዴት ልስገድ?

ይሄ ነገር ፊስቱላ ነው? ዕድሜ ልኬን እንዲህ ልኖር ነው? ለባሌስ ምን ብዬ ልንገረው?

ጥቁር ለባሿ፣ ከሳቢያን

መልስ

እህቴ፣ የፊስቱላውን ፍርሃት አስቀድመን እናውርደው። ፊስቱላ ሳልም ሳቅም አይጠብቅም። ምጥ ሳይፈታ ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛውን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። እዚያ ቦታ ደም መዘዋወር ሲያቆም ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ሽንት ሌት ተቀን፣ ተኝተሽም ቆመሽም ይፈስሳል። ያንቺ ግን ስታስይ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል። ሌሊት ደረቅ ነሽ፤ ቢያንስ ሌሊት ያመልጠኛል አላልሽም። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥሽ ያየሽ ባለሙያ ነው። የጻፍሽው ግን ፊስቱላን አይመስልም። ይህን ከሚያነቡት መካከል ሳያቋርጥ የሚፈስሳት ካለች ደግሞ ሐረር ላይ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ፤ ሕክምናው በነፃ ነው።

ታዲያ ያንቺ ምንድን ነው? ከፊት ካለው አጥንት ተነስቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጋ ጡንቻ አለ። ሐኪሞች የዳሌ ወለል ይሉታል። ፊኛን፣ ማህፀንንና የትልቁን አንጀት መጨረሻ ከሥር ደግፎ የያዘው እሱ ነው። ሽንትሽን «ቆይ» የሚልልሽም እሱ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ክብደት ተሸክሟል። በወሊድ ቀን ደግሞ ልጅ እስኪያልፍበት ተለጥጧል። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን፣ ልጁ ትልቅ ሲሆን፣ ማማጡ ሲረዝም፣ በመሳሪያ ሲሳብ ጉዳቱ ይጨምራል። ካንቺ ጋር ስንቱ እንደተገጣጠመ እይው። በኦፕራሲዮን የወለዱም ሙሉ በሙሉ አያመልጡም፤ ጡንቻውን የሚያደክመው እርግዝናው ራሱም ነውና። ስለዚህ ከስንፍናም ከመቀነትም የመጣ አይደለም። የተጎዳ ጡንቻ ነው።

የባልሽ እህት ግማሽ እውነት ነግራሻለች። ከወለዱ ሴቶች ከሦስቱ አንዷ ገደማ ሽንት ያመልጣታል። በትምህርት ቤትሽ የመምህራን ክፍል ውስጥ ያሉትን እናቶች በዓይንሽ ቁጠሪያቸውና አስቢው። «ትለምጅዋለሽ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ወባም ድሬ ላይ ብዙ ሰው ይይዛል፤ «የአገሩ ነው» ብሎ ሳይታከም የሚተኛ ግን የለም። እሷም እኮ ስትነግርሽ «ሁላችንም» ነው ያለችው። ምናልባት እሷንም ዓመታት ያስቸገራት ነገር ይሆናል፤ የሚነግራት አጥታ።

አሁን ወደ ውሃው። ከሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። አንቺ የምታጠቢ ሴት ነሽ፤ ያለሽው ድሬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስትናገሪ ትውያለሽ። ውሃ ስትተዪ ሽንትሽ ይወፍራል። የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣዋል፤ ጥቂት ሲጠራቀም ደርሶ «አሁኑኑ» ይልሻል። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽንም ሊከተል ይችላል። ሆድሽም ይደርቃል። ሆድ ሲደርቅ ሽንት ቤት ቁጭ ብለሽ ታምጫለሽ፤ ያ ማማጥ የደከመውን ጡንቻ በየቀኑ ወደ ታች ይገፋዋል። ለመዳን ያደረግሽው ነገር መልሶ እየጎዳሽ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ውሃሽን በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ ጠጪ። የሚቀነሰው ቡናና ሻይ ነው፤ ሆጃም እዚያው ነው። ፓፓያና ዘይቱና በእጅሽ ናቸው፤ ለሆድ ድርቀት እነሱን አብዢ። (በርጫ ላይ የምትቀመጪ ከሆነ፣ ጫት ሆድ ያደርቃል። ለምታጠባ እናትም አይሆንም። አልጻፍሽልኝም፣ እኔም አልፈርድም፤ ብቻ ነገርኩሽ።)

ሽንት ቤትስ? «ለማንኛውም» እያሉ በየግማሽ ሰዓቱ መሄድ ፊኛን ጥቂት ብቻ መያዝ ያስለምደዋል። እስከ እረፍት ሰዓት ድረስ አፍኖ መቆየትም ጥሩ አይደለም። በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ብትሄጂ መልካም ነው። ለዚህ ምናልባት አንድ ሰው ማወቅ ይኖርበታል። ከጎንሽ ያለው ክፍል የምታስተምረው ጓደኛሽ ለአምስት ደቂቃ ልጆቹን ብታይልሽ ምን ትላለች? ምክንያቱን መዘርዘር የለብሽም። «አራስ ነበርኩ፣ ሽንት ቤት ቶሎ ቶሎ ያስፈልገኛል» በቂ ነው።

ዋናው ሕክምና እንቅስቃሴ ነው። በስልክሽ ላይ «ኬግል» ሲሉት ሰምተሽ ይሆናል፤ ስሙ በ1948 ስለዚሁ ከጻፈው አሜሪካዊ ሐኪም የመጣ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሴት ግን ተሳስታ ትሠራዋለች። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ። ሰው መሃል ፈስ ሊያመልጥሽ ሲል የምታፍኝበትን ጡንቻ ጨምቂ። ከዚያ ሳትለቂ ሽንት እንደመያዝ አድርገሽ ወደ ፊት፣ ወደ ላይ፣ ወደ ውስጥ ሳቢው። ወደ ታች የምትገፊ ከሆነ ተሳስተሻል። ትንፋሽሽን አትያዢ። መቀመጫሽና ጭንሽ ከተንቀሳቀሱ እነሱ ናቸው የሚሠሩት ማለት ነው። በትክክል ከሠራሽው ከውጭ የሚያይሽ ሰው ምንም አይታየውም።

መጀመሪያ ሦስት አራት ሰከንድ መያዝ ቢያቅትሽ አይግረምሽ። ያዢ፣ ልቀቂ። መልቀቁም የሥራው ክፍል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፣ ትንሽ ይረፍ፣ ከዚያ ድገሚ። ስምንት ጊዜ ያህል፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቀስ በቀስ እስከ አሥር ሰከንድ ትደርሻለሽ። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ጨመቅ ለቀቅ። ሽንትሽን መሃል ላይ እያቆምሽ ግን አትለማመጂ፤ ፊኛው በደንብ እንዳይራገፍ ያደርገዋል። ልጅቷን ስታጠቢ ብታደርጊው ጊዜውን ትለምጅዋለሽ፤ ትረሺዋለሽ ብዬም አልሰጋ፣ እሷ ታስታውስሻለች።

እውነቱን ልንገርሽ፤ በሳምንት ውስጥ ለውጥ አትጠብቂ። ቢያንስ ሦስት ወር ሳይቋረጥ መሠራት አለበት። ብዙዎች ቶሎ የሚተዉት «ምንም የለውም» ብለው ነው። እስከዚያ የሚያግዝሽ አንድ ብልሃት አለ። ሳሉ ወይ ማስነጠሱ ሲመጣ ይታወቅሻል አይደል? ከመምጣቱ በፊት ያንን ጡንቻ ጨምቀሽ ያዢው፣ ከዚያ አስይ። ልጅቷን ስታነሺም እንዲሁ፤ ጨምቂ፣ ትንፋሽሽን እያወጣሽ አንሺ። አሞራ ከነክንፉ ሲመጣ እንኳ ትንሽ ቀድሞ ይታወቃል።

አመሻሽ ላይ የሚሰማሽ ክብደት ደግሞ መታየት አለበት። ጡንቻው ሲደክም ፊኛ ወይም ማህፀን ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ቆመሽ ስትውዪ የሚብሰው፣ ተኝተሽ ስታድሪ የሚጠፋው ለዚህ ይሆናል። ቀለል ያለው በእንቅስቃሴው ይሻለዋል። ካልተሻለው ከውስጥ የሚደግፍ ፔሳሪ የሚባል ቀለበት አለ። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሌላው ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ከዛሬ ጀምሮ የምትችይው ነገር ግን አለ። ጀሪካኑን ለባለቤትሽ ልቀቂለት። እሱ ከሌለ በግማሽ ቅጂው። ክፍል ውስጥም መቆም የማያስፈልገውን ትምህርት ቁጭ ብለሽ አስተምሪ።

አማትሽን አትጣያት። የምታውቀውን ነው የነገረችሽ፤ ለሷም የተነገራት ያ ነው። ነገር ግን ሆድን ጥፍር አድርጎ ማሰር ግፊቱን ወደ ታች ሊመልሰው ይችላል፤ የዳሌ ወለልንም አያጠነክርም። ወይባውም ጡንቻ አያጠብቅም፤ የተሰፋ ቦታ ላይ ሙቀቱና ጭሱ ሊያቃጥል ይችላል። «ሐኪም እስኪያየኝ ቆይ ተብያለሁ» በያት፤ ጸብ ሳይነሳ ያልፋል። እዚህ ላይ በኔ አሳብቢ፣ ግድ የለም። ዴቶልም እዚያ አካባቢ አይደርስም፤ ንጹሕ ውሃ በቂ ነው። በዚህ ሙቀት ሞዴስሽን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ፤ ያለዚያ ቆዳሽ ይላጣል።

ስለ ባለቤትሽ ልጠይቅሽ። ብትነግሪው ምን ይላል ብለሽ ነው የፈራሽው? ይስቃል? ይጸየፈኛል? ወይስ ለእናቱ ይነግራል? ሦስቱ የተለያዩ ፍርሃቶች ናቸው፤ አነጋገርሽም በየትኛው እንደሆነ ይለያያል። ለእናቱ እንዳይነግር ከሆነ ፍርሃትሽ «በኔና ባንተ ይቅር» ብለሽ ጀምሪ። እሱ አሁን ያለው ግምት አንድ ነው፤ ጠልታኛለች። ያ ከሽንት የከበደ ይመስለኛል። ልጅቷ ስትተኛ፣ አልጋ ላይ ሳይሆን ሻይ ይዛችሁ፣ እንዲህ ብትዪውስ? «አልጠላሁህም። ከወለድኩ ወዲህ ሰውነቴ ተጎድቷል። ሲያስለኝ ሽንቴ ያመልጠኛል፣ ስንገናኝም ያመኛል። ልታከም ነው፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለያት። ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ባል ብዙ ጊዜ ይረጋጋል።

ሕመሙም ምክንያት አለው። ስታጠቢ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ዝቅ ይላል፤ ብልት ይደርቃል፣ ይሳሳል። የተሰፋውም ጠባሳ ሊጎትት ይችላል። ፋርማሲ ውስጥ ማለስለሻ ጄል አለ፤ ካልበቃ ሐኪም የሚያዘው ክሬም አለ። ከግንኙነት በፊት ፊኛሽን ባዶ አድርጊ። እስኪሻልሽ «ቆይ» ማለት ደግሞ መብትሽ ነው፤ ከዚያ በመለስ መቀራረብ አይከለከልም። የወር አበባሽ ገና ባይመለስም ልታረግዢ ትችያለሽና የወሊድ መከላከያውንም በዚያው ጠይቂ። ይህ ችግር ስላለብሽ ሁለተኛ ልጅ አትወልጂም ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ማገገሙ ግን ይሻላል።

ስለ ሶላቱ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ አለ። እኔ የማውቀው ሽንቱን መያዝ ለማይችል ሰው ሸሪዓው ማቃለያ እንዳለው ነው፤ ራሱን አጽድቶ፣ ጨርቅ ይዞ፣ ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ዝርዝሩን የምታምኚውን ኡስታዝ፣ ካፈርሽም ሴት አስተማሪ ጠይቂ። ሳትጠይቂ መተውሽ ግን አሳዘነኝ። ናፍቆሽ እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል።

አሁን የት ትሄጃለሽ? በቅርብሽ ያለው ጤና ጣቢያ ጀምሪ፤ ልጅቷን ያስከተብሽበት ይሆናል። ሴት አዋላጅ ነርስ እንድታይሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ከመሄድሽ በፊት ሦስት ቀን ደብተር ላይ ጻፊ፤ ምን ያህል ጠጣሽ፣ ስንት ጊዜ ሸናሽ፣ ምን ስታደርጊ አመለጠሽ። አስተማሪ ነሽ፣ ይህቺ አታቅትሽም። እዚያ ስትደርሺ ነገሩን አታለሳልሺው። «ትንሽ አሞኛል» ካልሽ ፓራሲታሞል ይዘሽ ትመለሻለሽ። «በመሳሪያ ከወለድኩ አምስት ወሬ ነው። ሲያስለኝና ስስቅ ሽንት ያመልጠኛል። ማታ ማታ ወደ ታች ይከብደኛል። የዳሌ ወለሌ ይታይልኝ» በይ። የሽንት ምርመራም ይሠራልሽ፤ ኢንፌክሽን ካለ ጡንቻውን ብቻ ማሠራት አይበቃም።

«ስትወልጂ ያለ ነው» ብለው ሊመልሱሽ ከፈለጉ አትከራከሪ። «ገብቶኛል፤ ግን ለማህፀን ሐኪም ሪፈር ጻፉልኝ» በይ። ድል ጮራ ሆስፒታል እዚሁ ከተማችሁ ነው። ሐረር መሄድ ከቀናሽም ሕይወት ፋና አለ። ሐኪሙን ካገኘሽ ፊዚዮቴራፒስት (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ጋ እንዲልክሽ ጠይቂ፤ በትክክል እየጨመቅሽ መሆኑን አይቶ የሚነግርሽ ሰው ማግኘት ብዙ ጊዜ ያተርፍልሻል።

ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወዲያው የምትሄጂባቸው ነገሮች ግን አሉ፤ ሽንት ያለ ማቋረጥ መፍሰስ ከጀመረ፣ ጭራሽ አልወጣም ካለ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ፣ ከብልት የወጣ ነገር በእጅሽ ከነካሽ። ዓይነ ምድር ወይም ጋዝ መያዝ ካቃተሽም አትፈሪ፣ ተናገሪ። በወሊድ ጊዜ የተቀደደው እስከ ኋላ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ይታከማል። ደብዳቤሽ ላይ ስላልጠቀስሽው የለም ብዬ ነው። እያፈርሽ ዘለሽው ከሆነ ግን ለአዋላጇ አትዝለዪ።

ከታየሽ በኋላ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። በተለይ ፊዚዮቴራፒው ላይ ምን እንደገጠመሽ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ከለገሃሬና ከገንደ ቆሬ ተመሳሳይ ጥያቄ የላኩልኝ እናቶች አሉ፣ ላንቺ የተሳካልሽን መንገድ ስምሽን ሳልጠቅስ እነግራቸዋለሁ።